ጡሩምባ ነፊ ድንኳን አይሸከምም

አቶ መኳንንት ርሆቦትን ሁለት ወር ሙሉ ሲሸሿት ከርመው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ የቤቴል ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዋ ቆሙ። ጥቁር ነጠላ ስለተከናነበች አላወቋትም። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እንግዲህ ከሰልፍ ወጥቶ መሮጥ ለሽማግሌ አያምር!

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ መኳንንት?» አለች ጎንበስ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ፣ በረታሽ ወይ ልጄ?»

«ምን እበረታለሁ ብለው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ መኳንንት የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተምረው የእድሩን ድረ ገጽ በገዛ እጃቸው ሠሩ። አባል ሲሞት የቀብሩ ጥሪ ከዚያ ተነስቶ በየሰዉ ስልክ ይገባል። ሥራው ሲሰምርላቸው ጊዜ፣ «ከእንግዲህ ጡሩምባ ምን ያደርጋል?» ብለው አስቀሩት፤ ነፊው ደሜም ቤቱ ተቀመጠ። የርሆቦት እናት ወይዘሮ ሰርኬ ያረፉ ዕለት አቶ መኳንንት ከዚያው ድረ ገጽ ላይ የእድሩን ዓመታዊ መጽሔት ከነፎቶው እያሰናዱ ነበር። መርዶው ሲነገራቸው ጥሪውን መዘገቡና «ሄዷል» ብለው ወደ መጽሔታቸው ተመለሱ። ድረ ገጹን የተሸከመው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ግን ፎቶው ከብዶት ወድቋል። ቢነሳ ይወድቃል፣ ቢነሳ ይወድቃል። ጥሪው ለአባላት የደረሰው አመሻሽ ላይ፣ ከቀብር በኋላ ነው። ሦስት መቶ አባወራ ባለው እድር፣ የሰው ለቅሶ ሲሰሙ ነጠላቸውን መንገድ ላይ እያጣፉ የሚሮጡት ሰርኬ በአሥራ አንድ ሰው ተቀበሩ። ሬሳ የሚሸከም ጠፍቶ መንገደኛ ተለመነ። ከዚህ የባሰ ምን ሐዘን አለ? ከአሥራ አንዱ አንዱ አቶ መኳንንት ነበሩ፤ ላገኙት ሁሉ «ኔትወርክ ነው» ሲሉ ሰነበቱ።

አሁንም፣ «ያኔ እኮ ኔትወርኩ...» ብለው ጀመሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ፤ ኔትወርክ አይደለም። የኔም እንጀራ ይኸው ሥራ ነው። የእድሩ ዳኛ ፈቅደውልኝ የጻፉትን የድረ ገጹን ኮድ አይቼዋለሁ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እና ምን አገኘሽበት?»

«ጎበዝ ሰው የጻፈው ነው። ግን ሰርቨሩ ላይ ሁሉም በአንድ ጥቅል ታስሯል፤ ጥሪው፣ የአባላት መዝገቡ፣ መጽሔቱ። አንዲት ጥሪ ለመላክ እንኳ መጽሔት ማሰናጃውን አዝሎ ነው የሚነሳው። መጽሔቱ ሲወድቅ ጥሪውንም ይዞት ወደቀ።»

«እድር እኮ አንድነት ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አልተባለም? እኔ ነኝ ከፋፍዬ የምበትነው?»

መቼም የኛ ሰው ሲጨንቀው ተረት አያጣም።

«አንድነቱስ ልክ ነው፤ ግን ደሜ ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን ሁሉ ተሸክሞ ሲዞር አይተው ያውቃሉ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ቢሸከም ኖሮ ከደጁ ሳይርቅ ይወድቅ ነበር። ጡሩምባ ነፊው ሌላ፣ ድንኳን ተካዩ ሌላ፤ እድሩ ግን ያው አንድ ነው። አባቶቻችን ያወቁበትን እኛ ኮምፒውተር ላይ ስንደርስ ረሳነው።»

ታክሲ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። ሁለቱም አልገቡም።

«ከፍ ያለ ሰርቨር ብንከራይስ?» አሉ አቶ መኳንንት።

«ዘንድሮን ይችላል። ለከርሞ ፎቶው ሲበዛ ይወድቃል። ያኔስ የማን እናት ትሆን?»

ይህች ጥያቄ ነካቻቸው። ቢሆንም ሰውየው ሙያተኛ ናቸውና በቀላሉ እጅ አልሰጡም። «የአባላትን ስልክ የሚያነበውን ኮድ በየጥቅሉ ልገለብጠው ነው? አንዱን ሳርም ሌላውን እረሳለሁ።»

«አይገለብጡም። የሚጽፉት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሲያሰናዱት ጥቅል አሰናጁ ፕሮግራም ለየጥቅሉ የሚያስፈልገውን ብቻ ቀድቶ ይከትለታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ይነሳል። የጋራውን ሲነኩ ግን የሚጠቀሙበትን ጥቅሎች ሁሉ እንደገና ማሰናዳት ይኖርብዎታል። አልደብቅዎትም፣ ሥራ ይጨምራል።»

«ይጨምር!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ኔትወርክ አልነበረም» አሉ። «ጥሪው መሄዱን እንኳ ዞሬ አላየሁም። ልቤ መጽሔቱ ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ ስሜ ነበረበት።»

ርሆቦት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይኼን ነበር ስጠብቅ የከረምኩት» አለች። «ይምጡ፣ እዚያ ካፌ ተቀምጠን እንጀምረው።»

ሳምንት አልፈጀባቸውም። ጥሪውን ለብቻ፣ መዝገቡን ለብቻ፣ መጽሔቱን ለብቻ አድርገው ከፋፈሉት። መጽሔቱን ሆን ብለው በፎቶ አጨናንቀው ጣሉት፤ ጥሪው ንቅንቅ አላለም። ቀሎታልና እንደ ቀድሞው ሳያምጥ ወዲያው ይነሳል። መጽሔቱን የሚያርም ሰው ቢሳሳት እንኳ የሚያበላሸው መጽሔቱን ነው፤ የሰው ቀብር አይነካም። ሰው በሙያው ሊኮራ ይገባዋል፤ ለሞት ጊዜ የሚደርሰውን ነገር ግን ከኩራቱ ጋር አንድ ላይ አይሰር።

በሐምሌ አቶ ማርቆስ የሚባሉ ጎረቤት አረፉ። እንዳጋጣሚ ያን ጠዋት መጽሔቱ ወድቆ ነበር፤ ጥሪው ግን በየስልኩ ገባ። በዚያ ዝናብ የመቃብሩ ግቢ በሰው ሞላ፤ ሬሳውን ለመሸከም ወንዱ ተሻማ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ከቀብር ሲመለሱ አቶ መኳንንትን ከርሆቦት ጋር ቆመው አገኟቸው። እጃቸውን ያዙና፣ «ሰው አላሳጣችሁኝም፤ እግዚአብሔር እናንተንም ሰው አያሳጣችሁ» ብለው መረቁ።

አቶ መኳንንት አንገታቸውን ደፉ። በዚያች ልጅ ፊት ምርቃቱን እንዴት ይቀበሉት?

ርሆቦት ሕዝቡን ዙሪያውን አየችው። እንባዋ ወረደ። «አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ» አለች። «ለእናቴም የሚገባት ይኼ ነበር።»

«አሜን» አሉ።