ጋሽ ሰይድ የደረደሩት ሥጋ

መካነ ሰላም፣ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሰውነትን አያይዞ የሚያቆመውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በአንቲቦዲ ለመለየት ሙከራ እያቀድኩ ነበር። ያለችኝ የአንቲቦዲ ጠብታ የምትበቃው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነበር። ኮላጅን የበዛበትንና ያነሰበትን ናሙና ፍለጋ ሥጋ ሻጩ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ለዓይን አንድ የሚመስል አራት ቁራጭ ቀይ ሥጋ በተራ ደረደሩልኝና "ከዚህ ይበዛል፣ ወደዚያ ያንሳል" አሉኝ። እየፈራሁ ወሰድኩት። ሙከራውን ስሠራ ኮላጅን ባለበት የሚወጣው ቀለም ከመጀመሪያው ከቅልጥሙ ሥጋ እስከ መጨረሻው ጭቅና ልክ እሳቸው በደረደሩት ተራ እየሳሳ ሄደ!

በማግስቱ ሮጬ ሄድኩ። "ጋሽ ሰይድ፣ እንዴት አወቁ?"

"ቢላዋው አልሄድ ሲለኝ ነዋ! ያንቺዋ ጠብታስ በምን አወቀችው?"

ከሺህ ፕሮቲን መካከል አንዱን ብቻ ለይታ እንደምትይዝ ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "ሱብሃነላህ!" አሉ ቀስ ብለው። ስንት ጊዜ አንብቤ ያለፍኩት ነገር ያኔ ገና ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።