የወይዘሮ ይርገዱ አዲስ ፓስወርድ

(አዳማ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ላቀው፣ ጡረታ የወጡትና አሁን በቤታቸው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉት የጂኦግራፊ መምህርት ወይዘሮ ይርገዱ በር ላይ ቆመዋል።)

ይርገዱ፦ አልሰጥም አልኩ እኮ፣ አቶ ላቀው። ስንት ጊዜ ልበል?

ላቀው፦ ለእኔ ብለው አይደለም። ለሕዝቡ ብለው።

ይርገዱ፦ ለየትኛው ሕዝብ?

ላቀው፦ ለሕንፃው ሕዝብ ነዋ! ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ላለው። ዋይፋይዎ ረቡዕ ከተዘጋ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው አጥቻለሁ። ትናንት ስብሰባ ብንጠራ ሃያ ሁለት ሰው መጣ። ስለ ውኃ ታንከሩ የጠራን ቀን ስንት ነበርን?

ይርገዱ፦ አራት። አንዷ እኔ ነበርኩ።

ላቀው፦ አዩ! ነገሩ ከውኃ በልጧል። «ሊቀመንበር፣ ፓስወርዱን ይዘው ይምጡ» ብለው ላኩኝ። ባዶ እጄን ብመለስ ከኃላፊነቴ ያወርዱኛል።

ይርገዱ፦ ያውርዱዎታ። ሲመረጡም እኮ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም።

ላቀው፦ ኧረ ወይዘሮ ይርገዱ፣ በጠዋቱ!

ይርገዱ፦ እኔ ፓስወርዱን ለአንድ ሰው ነው የሰጠሁት። የወይዘሮ ጫልቱ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራ አለብኝ ስትለኝ፣ ለእሷ ብቻ። በሳምንቱ ጥበቃው አወቀው። ቀጥሎ ባለሱቁ። በወሩ ባጃጅ ነጂዎቹ በረንዳዬ ሥር ተደርድረው ኳስ ማየት ጀመሩ። ጎል በገባ ቁጥር ከወንበሬ የምዘለው እኔ ነኝ።

ላቀው፦ ፓስወርዱም ቀላል ነበር። «ይርገዱ አንድ ሁለት ሦስት አራት»። ማንም ይገምተዋል።

ይርገዱ፦ እኔ መች አወጣሁት! የገጠመልኝ ልጅ ነው። «እንዳይጠፋብዎት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠፋብኝም። ማንም አልጠፋበትም።

ላቀው፦ ታዲያ ምን ጎደለብዎት? አየር ላይ ያለ ነገር! አሁን ሰው ስስታም ነች እያለ ነው። ለእርስዎ ክብር አይሆንም ብዬ ነው።

ይርገዱ፦ የእርስዎ በር ስንት ቁልፍ አለው?

ላቀው፦ ሦስት። ከፊቱ ደግሞ የብረት በር አለ።

ይርገዱ፦ ለምን?

ላቀው፦ እንዴት ለምን? ሌባ ነዋ!

ይርገዱ፦ ሕዝቡን አያምኑትም?

ላቀው፦ ሕዝቡንማ አምነዋለሁ። መሃሉ የሚገባውን ነው እንጂ።

ይርገዱ፦ ስልክዎስ? ይቆለፋል?

ላቀው፦ እንዴታ! አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው። ማንም አይደርስበትም።

ይርገዱ፦ ደረጃ ላይ ቆመው ጮክ ብለው ነገሩኝ እኮ።

ላቀው፦ ለእርስዎ ነው ብዬ ነዋ።

ይርገዱ፦ ወይዘሮ ጫልቱም ከላይ ሆነው ደረጃ እየጠረጉ ነው። መጥረጊያው ከቆመ ቆየ።

ላቀው፦ ግድ የለም። አሁኑኑ እቀይረዋለሁ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት…

ይርገዱ፦ አቶ ላቀው! ግቡ እባክዎ፣ ይግቡ። በሩንም ይዝጉት። የማወራዎት ነገር አለ።

ላቀው፦ ምነው? ደኅና አይደሉም?

ይርገዱ፦ ይቀመጡ። ሰኞ ዕለት አንዲት ሴት መጣች፣ ስሟን አልነግርዎትም። እናቷ ሲሞቱ ወንድሟ ከቤት አስወጥቷታል። ለፍርድ ቤት ክስ ጻፊልኝ አለችኝ። እያለቀሰች ነገረችኝ፣ ጻፍኩላት። የት እንዳረፈች፣ ማን እንደሚመሰክርላት፣ ሁሉንም። ወንድሟ እንዳይሰማ ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ነው የወጣችው።

ላቀው፦ ምስኪን።

ይርገዱ፦ እሷን ሸኝቼ በረንዳ ላይ ብወጣ፣ ወንድሟ ከሥር ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

ላቀው፦ እሱ ነው? ከእኛ ሕንፃ ሥር የሚያቆመው?

ይርገዱ፦ በየቀኑ። በእኔ ዋይፋይ። የእሷ ወረቀት እኔ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ እሱም በዚያው መስመር ገብቷል። ያች ልጅ እኔን አምና መጣች፣ እኔ ደግሞ ከወንድሟ ጋር አንድ ቤት አስገብቼ በር ዘግቼባታለሁ ማለት ነው።

ላቀው፦ አይቶት ይሆን?

ይርገዱ፦ አላየም መሰለኝ። ግን «መሰለኝ» ብዬ እንዴት ዓይኗን ልይ? የዚያኑ ቀን የራውተሩን መመሪያ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ላቀው፦ ያንን ትልቁን? በእንግሊዝኛ የተጻፈውን?

ይርገዱ፦ መዝገበ ቃላት አለኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ እንጂ ገባኝ። ይኼ ራውተር የሚሉት ሣጥን የራሱ ሌላ ፓስወርድ አለው ለካ። ኢንተርኔት የምንገባበት አይደለም፤ የሣጥኑ ሆድ ዕቃ የሚከፈትበት ነው። እሱ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው ያለው። ያንን ያወቀ ሰው መስመሩ ላይ ካለ እኔኑ ከገዛ ቤቴ ሊያስወጣኝ ይችላል።

ላቀው፦ ኧረ እባክዎ!

ይርገዱ፦ ደግሞም አንዱ ገብቶበታል። የዋይፋዩን ስም ቀይሮ «ቲቸር ቁጡ» ብሎታል።

ላቀው፦ እኔ አይደለሁም!

ይርገዱ፦ አውቃለሁ። እርስዎ አይችሉም።

ላቀው፦ እሱስ እውነት ነው። ስሙን ግን አይቼው ነበር፤ እርስዎ ያወጡት መስሎኝ…

ይርገዱ፦ እኔ ራሴን ቁጡ ብዬ?

ላቀው፦ ለማስጠንቀቂያ ይሆናል ብዬ ነው።

ይርገዱ፦ ብቻ ሁሉንም ቀየርኩት። ስሙን፣ የሣጥኑን ቁልፍ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ። የዋይፋዩ አሁን አምስት ቃል ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ መሃል ላይ ቁጥር ገብቶበታል።

ላቀው፦ ወንዝ ነው አይደል? ጂኦግራፊ ስላስተማሩ። ዋቢ ሸበሌ አለበት?

ይርገዱ፦ እንዲህ ብሎ የሚገምት አይጠፋም ብዬ እኮ ነው ወንዝ ያላደረግሁት።

ላቀው፦ ተራራ?

ይርገዱ፦ አቶ ላቀው።

ላቀው፦ እሺ፣ እሺ፣ ተውኩት። ለሕዝቡም በደንብ አስረዳለሁ። የሴትዮዋን ነገር ሳላነሳ። አሁን ልነሳ…

ይርገዱ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ፕሪንተሩ አለ።

ላቀው፦ ፕሪንተሩ ምን ሆነ?

ይርገዱ፦ እሱም በዋይፋይ ነው የሚሠራው። ሰው ስልኩን ሲነካካ ሳያውቀው እዚህ ያትማል። እኔ ወጥ እየሠራሁ፣ ድንገት እርር፣ እርር ይልና ወረቀት ያወጣል። አንድ ቀን የበግ ፎቶ ወጣ፣ ፊት ለፊትና በጎን። አንድ ቀን የአንድ ሰው የሆድ ምርመራ ውጤት።

ላቀው፦ የማን?

ይርገዱ፦ እነግርዎታለሁ እንዴ! በፖስታ አሽጌ በበሩ ሥር ከተትኩለት።

ላቀው፦ ሳያነቡት?

ይርገዱ፦ የማን እንደሆነ እስካውቅ ብቻ። ስሙን ካየሁ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ላቀው፦ ጨዋ ሰው ነዎት። ሁልጊዜም እላለሁ።

ይርገዱ፦ አንዱ ግን አስቸገረኝ። የራሴ ስም ነበረበት።

ላቀው፦ …ሰዓቱ ሄደ መሰለኝ። ሰው ቀጥሬ ነበር።

ይርገዱ፦ ማንን?

ላቀው፦ አሁን እቀጥራለሁ።

ይርገዱ፦ ይቀመጡ አልኩ! ይኸው ላንብብልዎት። «ለወንድሜ ለቢራቱ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ጉዳዩ፦ ወይዘሮ ይርገዱ ዘንድ ሽማግሌ ሆነህ እንድትሄድልኝ ስለመጠየቅ…»

ላቀው፦ ላቀው የሚባል ሰው እኮ ብዙ ነው።

ይርገዱ፦ ገና ስም አልጠራሁም። ደግሞስ ከሥሩ «የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር» ብለው ፈርመዋል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።

ላቀው፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው! የምጽፈው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያልቀው።

ይርገዱ፦ ሰባት ጊዜ ነው የታተመው።

ላቀው፦ ሰባት?!

ይርገዱ፦ በአራት ቀን ውስጥ። ያን ሰሞን ወረቀት የገዛሁት ለእርስዎ ነው ማለት ይቻላል።

ላቀው፦ እኔ እኮ «ላክ» የሚለውን የነካሁ መስሎኝ ነው! ቢራቱ ዝም ሲለኝ ደግሜ ላክሁ። አሁንም ዝም። በሰባተኛው ተናደድኩና አኮረፍኩት። የአርባ ዓመት ጓደኛዬን! ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት አግኝቼው ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ይርገዱ፦ እሱ ደግሞ ምን አጠፋሁ ሲል ነበር።

ላቀው፦ የት ልግባ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። አምጡት እባክዎ፣ ልቅደደው። ደግሞ… ይኼ ቀዩ ምንድን ነው?

ይርገዱ፦ እርማት።

ላቀው፦ አረሙት?!

ይርገዱ፦ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም። «ብቸኝነት» በዚህኛው «ኝ» ነው የሚጻፈው። እርስዎ «ብቸንነት» ብለዋል። አምስት ቦታ ላይ ጽፈውታል፤ አምስቱንም ተሳስተዋል።

ላቀው፦ አምስት ቦታ?

ይርገዱ፦ አምስት ቦታ።

ላቀው፦ ይኼን ያህል የጻፍኩት አልመሰለኝም ነበር።

ይርገዱ፦ እኔም ቆጥሬ ገረመኝ።

ላቀው፦ ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ሰው ኮሚቴ ይወዳል ይለኛል። ስብሰባ የምጠራው ቤት ዝም ሲልብኝ ነው። እርስዎ ደግሞ አራት ሰው እንኳ ሲመጣ አይቀሩም። በቃ፣ ከዚያ ነው የጀመረው። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይርገዱ፦ ሁለተኛው አንቀጽ ጥሩ ነው። እሱን አልነካሁትም።

ላቀው፦ የትኛው ነው እሱ?

ይርገዱ፦ ስለ ሳቄ የጻፉት።

ላቀው፦ እሱንም አነበቡት።

ይርገዱ፦ ሰባት ቅጂ እኮ ነው፣ አቶ ላቀው። የት ልሸሸው?

ላቀው፦ በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልሂድ። ለሕዝቡ እምቢ አለች እላለሁ። ከሊቀመንበርነቱም ልልቀቅ፤ ከዛሬ ወዲህ በዚህ ደረጃ የማልፍበት ዓይን የለኝም።

ይርገዱ፦ ለሕዝቡ ይኼን ይውሰዱለት። ሃያ አራት ወረቀት ነው፣ ለየቤቱ አንድ፣ በእጄ የጻፍኩት።

ላቀው፦ ምንድን ነው? ፓስወርዱ?

ይርገዱ፦ የእንግዳ መስመር ነው። መመሪያው ላይ አገኘሁት። ኢንተርኔት ያስገባል፤ ወደ ኮምፒውተሬና ወደ ፕሪንተሩ ግን አያሳልፍም። በየወሩ እቀይረዋለሁ። ከእርስዎ እጅ ወደ ቤቱ ሰው እጅ ይሁን። ሰሌዳ ላይ የለጠፈ ሰው የዚያኑ ቀን ይዘጋበታል። ባጃጅ ነጂዎቹም ኳሳቸውን ሌላ ቦታ ይዩ።

ላቀው፦ ይኼን ካዘጋጁ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ አልሰጥም፣ አልሰጥም ሲሉ የቆዩት?

ይርገዱ፦ የጠየቁኝ የቤቴን ነዋ። እሱን አልሰጥም።

ላቀው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከስብሰባው አዳኑኝ። ደብዳቤዎቹንም ይስጡኝና ላጥፋቸው፣ እንደሌለ እንቁጠረው።

ይርገዱ፦ ይኸው፣ ስድስቱ።

ላቀው፦ ሰባት ነው ያሉኝ። አንዱስ?

ይርገዱ፦ በሰባተኛው ጀርባ ላይ እርማቱን አስገብቼ በንጹሕ ጻፍኩትና ሐሙስ ዕለት ለአቶ ቢራቱ በእጁ ሰጠሁት።

ላቀው፦ ለ… ለቢራቱ? እርስዎ ራስዎ?

ይርገዱ፦ እኔ ራሴ። ደብዳቤው የተጻፈው ለእሱ አይደለም እንዴ? ሰው ያላገኘውን ደብዳቤ ማድረስ ሥራዬ ሆኗል።

ላቀው፦ ምን አለ?

ይርገዱ፦ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ኮቱን አወጣ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሰው አስከትሎ ይመጣል። ወንድሜም ከሞጆ ይገባል፤ ነግሬዋለሁ።

ላቀው፦ ነገ! እዚህ! እንግዲያው… እኔስ ምን ላድርግ? ምን ይዤ ልምጣ? ወንበር ላምጣ?

ይርገዱ፦ ኧረ ነገ እዚህ ፎቅ ድርሽ እንዳይሉ! ሽማግሌ ተቀምጦ ሙሽራው በር ላይ ሲንጎራደድ ቢታይ ሰው ምን ይለናል?