የኔታ ገብረ ማርያም በኪራይ ብስክሌት

በ፲፱፻፺፪ ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ መምህር የኔታ ገብረ ማርያም በባሕር ዳር መናኸሪያ ፊት ለፊት ጥላቸውን ዘርግተው ቆመው ነበር። ጥምጥማቸው አርባ ክንድ ጨርቅ ፈጅቷል ይባላል። ድምፃቸውማ ከጋይንት ሲነሣ ወገዳ ያለ ገበሬ «አሜን» ይላል፣ የእስቴ ውሻ ይጮኻል፤ ይህን የካደ ሰው እስካሁን አልተገኘም። እንዲህ ያሉ ሰው ግን በዚያ ጠዋት መንገድ ጠፍቶባቸዋል። አንዱን ጥግ ሦስት ጊዜ ዞረውት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያችው አንዲት ሎሚ ሻጭ «አባ፣ እንደምን አደሩ» ብላቸዋለች።

«የኔታ! የኛው የኔታ ነዎት ወይስ ዓይኔ ነው?» የሚል የሴት ድምፅ ሰሙ።

ዞር ቢሉ የአርብ ገበያው የአቶ ዋለ ልጅ ፀደይ ናት። በባሕር ዳር መምህርነት ስትማር ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል አነሷት።

«ምን እግር ጣለዎት የኔታ?»

«ፊልጶስን ፍለጋ ነው ልጄ። አብሮ አደጌን። ባንድ ጉባኤ ተምረን፣ አንድ ቁራሽ ተካፍለን ያደግን ሰዎች፣ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት አልተነጋገርን። በጥምቀት ዋዜማ፣ በማኅሌት መካከል ‹ዜማ አጎደልህ› ብዬ በሰው ፊት አዋረድሁት። ኋላ መጽሐፍ ባገላብጥ ያጎደልሁት እኔ ኖሬአለሁ።»

«ታዲያ ያን ጊዜውኑ ይቅርታ አይጠይቁም ነበር?»

«ኩራት ነዋ! ኩራትማ ምን ያደርጉታል። ባለፈው ዓርብ ገበያ ወጥቼ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ፊልጶስ ሊመንን ነው አሉ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ጀልባ ይዞ ደሴት ገዳም ይገባል። ተገባ አይወጣም። ሳልታረቀው ከገባ፣ እኔም ቂሜን ታቅፌ መቀበሬ ነው።»

«የት ነው ያረፉት?»

«ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው ብለውኛል።»

«የትኛው?»

«እሱንማ አልጠየቅሁ።»

አንባቢ በየኔታ አይፍረድ። ጋይንት ውስጥ «ቤተ ክርስቲያን አጠገብ» የተባለ ሰው አድራሻው ተሟላ ማለት ነው፤ አጥቢያው አንድ፣ ደብሩ አንድ፣ ጎረቤቱም የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ግን አንድ ደብር ይዛ የምትኖር ከተማ አይደለችም።

«የኔታ፣ ይህን ሁሉ ደብር በእግር ካልን እስከ ነገም አንጨርሰው» አለች ፀደይ። «ታክሲውም በመስመሩ ይነጉዳል እንጂ በየደጀ ሰላሙ አይቆምም። ብስክሌት እንከራይ።»

የኔታ ጥላቸውን አጠፉ። «ብስክሌት? ጥምጥም አስሬ?»

«በቅሎ ይቀመጡ የለም?»

«በቅሎ ነፍስ አላት። ታውቀኛለች። ገደል ስታይ ትቆማለች። ያ ብረት ምን ያውቃል?»

«ገደሉን እኔ አይልዎታለሁ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ከኋላ ነው የሚቀመጡ።»

የኔታ ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ደገፉ።

«የዋለ ልጅ! ጋይንት ይህን ቢሰማ ምን ይላል?»

«ጋይንት ሩቅ ነው የኔታ። የቀረበው ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«መሪጌታውን ሴት አዝላው ሄደች ይሉኛል!»

«እናትዎም አዝለዎት ነበር። ያን ጊዜ ማን ሳቀ?»

«ያን ጊዜ ጥምጥም አልነበረኝም።»

ፀደይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ የኔታ። ይቅርታ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ከፍ ብሎ ነው ወይስ ዝቅ ብሎ የሚሄድ?»

ስንት ሊቅ በጉባኤ ያፋጠጡት የኔታ ገብረ ማርያም በዚች ጥያቄ ተረቱ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ አሰሩና «ምሪኝ» አሉ።

አከራዩ አለሙ ብስክሌቶቹን በዋርካ ሥር ደርድሯቸዋል፤ ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃሉ። የፀደይን መታወቂያ ያዘና ከኋላዋ ሰፊ የዕቃ መጫኛ ያላትን አንዷን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰጣቸው።

«የማን ናት?» አሉ የኔታ፣ ኮርቻውን እየዳሰሱ።

«የሁሉም ናት አባ» አለ አለሙ። «ጠዋት ተማሪ ይፈተንባታል፣ ቀትር ላይ ፈረንጅ ከተማ ያይባታል፣ ማታ ጎረምሳ እጮኛውን ይሸኝባታል።»

«እንደ ማኅበር ጽዋ ናታ፤ በየተራ የምትዞር።» ይህን ብለው በግራ በኩል፣ ልክ በቅሎ እንደሚወጣ ሰው፣ ተሳፈሩ።

መቶ እርምጃ ሳይሄዱ አንድ በትር የያዙ ሽማግሌ ከፊት መጡ። በጋይንት ሥርዓት፣ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው በዕድሜ የገፋ እግረኛ ሲያገኝ ይወርዳል። የኔታም ወረዱ። ፀደይ ግን ሸክሙ የቀለላት ጉልበቷ በርትቶ መስሏት፣ «በስተቀኝ የሚታየው ጣና ነው የኔታ፣ ያ ደግሞ ዘንባባው…» እያለች ለነፋስ ታስረዳ ጀመር። አንዳንዶች ሁለት መቶ ሜትር ሄደች ይላሉ፤ ሚዛናዊ ሰዎች ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው ይላሉ። ስትመለስ የኔታ ከሽማግሌው ጋር የገብሱን አያያዝ ጨርሰው ወደ ከብቶቹ ጤና ተሸጋግረው ነበር።

«የኔታ! ምነው ወረዱ?»

«ሽማግሌ ቆሞ እኔ ተቀምጬ ልለፍ? ያደግሁበት ሥርዓት ነው።»

«ከተማው ውስጥ ስንት ሽማግሌ አለ! ለሁሉም ከወረዱማ በእግር መሄዱ ሳይሻል አይቀርም።»

«እንደ ባለጌ ከማልፍ ይሻላል።»

«ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ያኑሩ። አክብሮት ያለው ልብ ላይ ነው እንጂ እግር ላይ ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ስንደርስስ?»

«ለቤተ ክርስቲያንማ ሁለታችንም ወርደን እንሳለማለን። እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

«እንዲህ ካልሽ ተስማማን።»

ሥርዓት ሲሻሻል እንዲህ ነው። ፀደይ አክብሮቱን ይተዉት አላለችም፤ የኔታም መንኮራኩሩን እምቢ አላሉም። ሁለቱም የሚገባውን ያህል ለቀቁ፣ መንገዱም ተከፈተላቸው።

ከዚያ ወዲያ ከተማይቱ ተገለጠችላቸው። በየደብሩ ደጃፍ ይወርዳሉ፣ ይሳለማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ «አላየንም» ይባላሉ፣ ይሄዳሉ። በዘንባባው ጥላ ሥር ሲያልፉ ነፋሱ የየኔታን ጢም ለሁለት ከፈለው። ጠላ ቤቱን፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን፣ ዓሣ የሚገፍፉትን ሴቶች፣ የትምህርት ቤቱን ጩኸት አዩ።

«ሰባት ጊዜ ባሕር ዳር መጥቻለሁ» አሉ ከፀደይ ትከሻ ኋላ። «ያየሁት መናኸሪያውንና ያደርሁበትን ግቢ ነው። ለካ በመካከሉ ከተማ ነበረ!»

በስድስተኛው ደብር ቅጽር ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሴ ስንዴ ሲለቅሙ አገኙ።

«የጋይንቱ ፊልጶስ? አሁን ወጡ እኮ! ዳዊታቸውንና አንድ አቁማዳ ይዘው ወደ ጀልባው ወርደዋል።»

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። የኔታ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ንጂ ልጄ! ንጂ!»

ፀደይ ፔዳሉን ረገጠች። የኔታም ያንን ታላቅ ድምፃቸውን ለቀቁት፦ «ገለል በሉ! ገለል!» ጋሪ ቆመ፣ አህያ ጥግ ያዘ፣ ሕዝቡ እንደ ኤርትራ ባሕር ለሁለት ተከፈለ። ወደቡ ሲደርሱ ፍሬኑ ሳይያዝ የኔታ ዘለው ወርደው ነበር።

መሪጌታ ፊልጶስ አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ አንሥተዋል። ከስተዋል፤ ቢሆንም የኔታ በጀርባቸው ለዩዋቸው። ከሐይቁ ዳር ድንጋይ አነሡ፣ ማጅራታቸው ላይ አኖሩ፣ ጎንበስ አሉ።

«ፊልጶስ፤ ያጎደልሁት እኔ ነበርሁ። አንተ ልክ ነበርህ።»

ፊልጶስ እግራቸውን መለሱ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «በማግሥቱ መጽሐፉን ይዤ ደጅህ ድረስ መጥቼ ነበር። ‹እዚያው በስሕተቱ ይኑር› ብዬ ተመለስሁ። አሥራ ሰባት ዓመት እንድትሳሳት የተውሁህ እኔ ነኝ። አንተ ድንጋይ ከተሸከምህ እኔ ተራራ ልሸከም ነው።»

ድንጋዩን ከየኔታ ማጅራት አንሥተው ወደ ውኃው ጣሉት። ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ «ይፍታህ» «አንተንም ይፍታህ» ተባባሉ። ፀደይ ወደ ሐይቁ ዞራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ለመሆኑ በምን ደረስህ?» አሉ ፊልጶስ።

«በዚያች።»

ፊልጶስ ብስክሌቷን አዩ፣ ፀደይን አዩ፣ ጥምጥሙን አዩ። «በሴት ልጅ ጀርባ? ገብረ ማርያም፣ አብደሃል?»

«እናትህ አላዘለችህም?» አሉ የኔታ ሳያፍሩ። ፀደይ ከንፈሯን ነከሰች። «ስማኝ ወንድሜ። ይህች ሣር አትበላ፣ አትራገጥ፣ ጭስ አታጨስ። ገዝቶ ማሰር የማይችል እንግዳ ለጥቂት ሰዓት ይዟት ይመልሳታል፤ ተከታዩም ይይዛታል። ለሚነዳት ጤና ናት፤ ይህችን ልጅ እያት፣ እኔን ያህል ተሸክማ እንኳ አላለከለከች። ታክሲ ያሳልፍሃል፣ እግር ያደክምሃል፤ እሷ ግን በወደድህበት ደጃፍ ትቆማለች። ዛሬ አሥራ ስድስት ደብር ተሳለምሁ!»

«ስድስት ነው የኔታ» አለች ፀደይ።

«ዝም በይ አንቺ! በእግሬ ብሆን ሁለተኛው ደብር ላይ ቀትር ይሆን ነበር። አንተም ሄደህ ነበር። ክብሬን ይዤ፣ ወንድሜን አጥቼ ጋይንት እመለስ ነበር። እንግዲህ ፍረድ።»

ባለጀልባው «ሁለት ሰው ይቀረኛል፣ እሱን ሳልጠብቅ አልነሣም» ብሎ ጮኸ። ፊልጶስ ዳዊታቸውንና አቁማዳውን ለየኔታ አስይዘው ወደ ፀደይ ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ጀልባው እስኪሞላ፣ እስከዚያ ዛፍ ድረስ አድርሰሽ ትመልሽኛለሽ?»

ሄዱ። ከዛፉ አልፈው ሄዱ። ሲመለሱ የፊልጶስ ቆብ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ዓይናቸው ከነፋሱ እንባ አቅርሯል።

«ይህን ሁሉ ዓመት ዓለምን ልተው ስል» አሉ ሲወርዱ፣ «ምን እንደምተው አላውቅም ነበር። አሁን አውቄ ተውሁት።»

ጀልባው ሞልቶ ተነሣ። ሁለቱ ሊቃውንት እስኪራራቁ ድረስ አንዱ ከውኃ፣ አንዱ ከየብስ አንድ ምስጋና እየተቀባበሉ ዘመሩ፤ ዜማ ያጎደለ አልነበረም። የኔታ ጀልባው ነጥብ እስኪያህል ቆሙ። ከዚያም ወደ ፀደይ ዞሩ።

«ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ የምንመልሳት?»

«እስከ አሥራ አንድ ነው። ገና ጊዜ አለን።»

«እንግዲያስ» አሉ የኔታ፣ ጋቢያቸውን እንደገና ጠበቅ አድርገው እያሰሩ፣ «እስቲ መሪዋን አስይዢኝ።»