እጅ የወጣለት ቦይ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ጠዋት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ቢመጡ በሩ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀብቶ አገኙ። በጣታቸው ሲነኩት ቀለሙ ገና አልደረቀም። ግራ ተጋብተው እንደቆሙ መምህርቷ የወንድማቸው ልጅ ወደ ሥራዋ ስትሄድ አገኘቻቸው።

«አጎቴ፣ ምነው ደጅ ቆሙ?»

«እስቲ ይህን እዪልኝ ልጄ። ማን ነው እንዲህ ያደረገኝ?»

«ለጎርፉ የሚቆፈረው ቦይ በዚህ ስለሚያልፍ ሱቁ ይፈርሳል። ባለፈው የሰፈር ስብሰባ ተወስኗል እኮ።»

«እነማን ወሰኑ?»

«እርስዎም እጅ አውጥተዋል።»

ሰፊው አሰቡ። እውነት ነው፤ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። «የሚደግፍ!» ሲባል ከፊታቸው ያለው ዳቦ ጋጋሪ እጁን አወጣ፤ እሳቸውም አወጡ።

«ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ነው እንጂ በገዛ ሱቄ ልፈርድ ነው?»

«እርስዎ ሳይለኩ ጨርቅ ይቆርጣሉ?»

«ምን ነክቶሽ! የሰው ጨርቅ?»

«ይህስ የሰው ሰፈር አይደል?»

«ተይኝ እባክሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡስ አልገባም፤ ቦዩ ግን ገባ።»

ሰፊው ሳይወዱ ሳቁ። «እሺ፣ ምን ብዬ ልናገር? የቦዩ ካርታ እንደሆነ አይገባኝ።»

«እሱኑ ይበሉ። ቁፋሮው ሳይጀመር ቅሬታ ይሰማል፤ ሐሙስ ስብሰባ አለ።»

ሐሙስ ዕለት ሰፊው በስብሰባው መሀል ተነሡ። «እኔ ካርታው አልገባኝም። ጎርፉ በዚያ ማዶ ነው የሚወርደው። ታዲያ በእኔ በር የሚዞረው አድራሻ ሊጠይቅ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጋጋሪውም ብድግ ብሎ፣ «እውነቱን ልናገር፣ እኔም አልገባኝም ነበር። የቀራችሁት የገባችሁ መስሎኝ ነው እጄን ያወጣሁት» አለ። «እኔም!» «እኔም!» የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ተሰማ። ቦዩን የነደፈው መሐንዲስ ግራ ገብቶት ካርታውን አገላበጠ፤ ለካ መንገዱን በዝናብ አይቶት አያውቅም።

በማግስቱ ዝናብ ሲጥል ሰፈርተኛው ጃንጥላ ይዞ መሐንዲሱን ጎርፉ የሚሄድበትን አሳየው። ቦዩም በማዶው ባዶ ቦታ ጥግ እንዲያልፍ በድጋሚ ተወሰነ፤ ማንም ሳይፈናቀል ጎርፉ መንገዱን ያዘ። ሹም ብቻውን የማያየውን ነዋሪ ያየዋል። ነዋሪው ካልተናገረ ግን፣ የሕዝብ ውሳኔ የተባለው ሕዝቡ የማያውቀው ውሳኔ ይሆናል።

ሰፊው ምልክቱን ጋዝ በነከሩት ጨርቅ ፈትገው አስለቀቁ። ከዚያ ጨርቁን እንደያዙ ፈዘው ቀሩ።

«ደግሞ ምን ሆኑ?» አለች መምህርቷ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስብሰባ ሄጃለሁ ልጄ» አሉ። «እስከዛሬ የማንን በር አስቀብቼ ይሆን?»