ጠበል የተረጨባት መኪና

ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶብስ፣ ከፊቴ አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርና አንድ ቄስ ተቀምጠዋል።

«አሮጌዋን መኪና የሸጠልን ሰውዬ ምን አለኝ መሰለዎት፣ አባ? ‹ሞተሯ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ያበላሻችኋት እናንተ ናችሁ!›»

«እኔ የረጨሁትን ጠበል ነው?»

«እሱኑ።»

«እኔ ስረጫት እኮ ቆማ ነበር!»

«ነገርኩት። በገዛናት በሦስተኛው ቀን ሊማሊሞ ላይ ቀጥ ብትልብን ነው ቄስ የጠራነው አልሁት።»

«እሺ፣ ምን አለ?»

«‹ጠበል ያላዳናትን እኔ ላድናት?›»

«ክሰሰዋ!»

«ካድሬው ባለበት ሸንጎ፣ የማኅበሩን መኪና ጠበል አስረጨሁ ልበል?»

«ታዲያ አሁን ጎንደር ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?»

«እኔ እንጃ፣ አባ። እርስዎስ?»

«አንተ እንሂድ ስላልኸኝ ነዋ!»

ዳባት ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ ግን «ወራጅ አለ» ማለት ጠፋኝ።