መብራት አልሄደም

ቪዲዮ ቀራጩ ማንግ ቴሮይ በካሊቦ ከተማ ገበያ ዳር የሩዝ ገንፎ እየበሉ ሳለ፣ ኮምፒውተር የተማረችው የጎረቤት ልጅ ሎረሊን ስትመጣ አዩና ፊታቸውን ወደ ሳህኑ ደፉ። የትምህርት ቤቱን የምረቃ በዓል በየዓመቱ የሚቀርጹት እሳቸው ናቸው፤ ለየቤተሰቡም ልጁ መድረክ ላይ የወጣበትን ክሊፕ ለየብቻ ይሰጣሉ። ዘንድሮ ግን ከክሊፖቹ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ለጠየቃቸው ሁሉ «መብራት ሄዶብኝ ነው» አሉ።

«መብራት ቢሄድ እኮ ኮምፒውተሩ ይጠፋል እንጂ ክሊፑ አይጠቁርም፣ ማንግ» አለች ሎረሊን፣ እንደ አገሩ ወግ ጋሼ ማለቷ ነው፣ አጠገባቸው ተቀምጣ። ድምጿን ዝቅ ማድረጓ ይበልጥ አሳፈራቸው።

«ምን ላድርግ ታዲያ? እንደ ልማዴ ሁሉንም ክሊፕ በአንድ ጊዜ ኤክስፖርት እንዲያደርግ፣ ለየብቻ ቆርጦ እንዲያወጣ፣ አዘዝኩት።»

«ሙዚቃውም ኢንተርኔቱም እንደተከፈተ?»

«እንደተከፈተ። የኮምፒውተሩ ማስቀመጫ እንደሆነ ግማሹም አልሞላ!»

«ማስቀመጫው ሌላ፣ ሲሠራ የሚይዝበት ሜሞሪ ሌላ። የእኚህ ገንፎ ሻጭ እናታችን ጓዳ ስንት ከረጢት ሩዝ ቢይዝ፣ ምድጃቸው ላይ ስንት ድስት ይጣዳል?»

«ሁለት!» አሉ ገንፎ ሻጯ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ሦስተኛ ከደረብኩማ አንዱም አይበስልልኝ።»

ማንግ ቴሮይ አልሳቁም። «ክርስትናሽን የቀረጽኩ ሰውዬ፣ አንቺን ልጠይቅ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

እውነቷን ነው። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ሰውየውን የጎዳቸው ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለታቸው ነው። ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ሮዌና የልጇን ክሊፕ ፈልጋ በደወለች ቁጥር ስልኩን አያነሱም። ይባስ ብሎ ዋናው ቅጂ ያለበትን የካሜራውን ካርድ ለነገው ሰርግ ባዶ ሊያደርጉት ነበር፤ ያኔ የልጁ ምረቃ አብሮ ይጠፋል። ይህንም ለሎረሊን ራሳቸው ነገሯት።

ሎረሊን ገንፎ ሳታዝ አስነሣቻቸው። ቤት ገብተው የማይፈለገውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጉ። ክሊፖቹን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ አወጡ፤ የወጣውን ከፍተው ሳያዩ ወደሚቀጥለው አላለፉም፤ በየመሀሉም ፕሮግራሙን ዘግተው እንደገና ከፈቱት። አንድም የጠቆረ አልተገኘ። ኮምፒውተሩ ያው አሮጌው ነው፤ አዲስ የተገዛ ነገር የለም፣ የተለወጠው አሠራሩ ብቻ ነው።

«ለካ እኔ ነኝ ያጣደፍኩት» አሉ ማንግ ቴሮይ። ክሊፑን ላኩና ራሳቸው ደወሉ።

«ሮዌና፣ ልጄ፣ መብራት አልሄደም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፍሬ ነው የዋሸሁሽ።»

ሮዌና ክሊፑን ከፍታ ልጇን መድረክ ላይ አየችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ልጄ ሳይመረቅ ቀርቶ ሁላችሁም የደበቃችሁኝ መስሎኝ ነበር።»