በቀትር የታየ ሜዳ

የሎጊያ ነዋሪዎች ሁሉ በያላችሁበት ስሙ፦ ጡረተኛው አቶ አለባቸው ከረጅም ማሰላሰል በኋላ የላስቲክ ወንበራቸውን ከበራቸው ግራ ወደ በራቸው ቀኝ አዛውረዋል። ጥላው ስለዞረ ነው። ለዚህ ውሳኔ የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም።

እዚያው ተቀምጠው ሳለ ፋሪሃ ብቅ አለች። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመለሰች የግመል አርቢ ልጅ ናት፤ የፊርማ ወረቀት ይዛለች። በአዲሱ የከተማ ፕላን ከአቶ አለባቸው ደጅ ፊት ያለው የከብት ገበያ ሜዳ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። ነዋሪው በቂ ፊርማ ካሰባሰበ ግን የከተማው ደንብ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ ያቀርበዋል።

«ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ።»

«ፕላን ከላይ ሲወርድ እንጂ ከታች ሲወጣ አይቼ አላውቅም፣ ልጄ። ሥራው የባለሙያ ነው።»

«ባለሙያው ያቅድ፤ የምንኖርበት ደግሞ እንጠየቅ። አባቴ ግመሎቹን ወደ ወንዝ የሚያወርደው በዚያ ሜዳ ነው። ሲታጠር መንጋውን ሸጦ በስተርጅና የሾፌር ረዳት ይሁን?»

«እኔ እንኳ ተጠይቄያለሁ» አሉ ኮራ ብለው። «ባለሙያዎቹ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ‹ሜዳውን ማን ይጠቀምበታል?› አሉኝ። ‹ማንም› አልኳቸው። ዞር ብለው ቢያዩ ፍየል እንኳ የለም።»

«በስንት ሰዓት?»

«በቀትር ነዋ።»

አንባቢ ሆይ፣ በሎጊያ ቀትር ሜዳ ላይ የሚቆም ፍጡር ወይ መንገድ የጠፋው ነው፣ ወይ ለጥናት የመጣ ነው።

«ያን ሰዓት እርስዎስ ደጅ ይቀመጣሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ? ማራገቢያ ሥር ነኝ።»

«እንግዲያው የእርስዎም ደጅ ባዶ መሬት ነው። ይታጠር ወላሂ።»

አቶ አለባቸው ወደ ሜዳው ዞረው አዩ። ጎህ ሲቀድ ከሜዳው የሚነሳውን የግመል ድምፅና የሻጭና የገዢ ክርክር ስንት ዓመት ሲረግሙት ኖረዋል።

«ብትሸነፉስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ድምፅ ሰጥተን እንሸነፋለና። ብናሸንፍ ደግሞ ለመኪናው ሌላ ቦታ እናሳያለን፤ ከነዳጅ ማደያው ባሻገር ስንት ሜዳ አለ። ሾፌሩም ያድራል፣ ግመሉም ይጠጣል።»

እውነቷን ነው። ለሕዝብ ድምፅ የቀረበ ፕላን አንድ ሰው በእንቅልፍ ልቡ በተናገረው አይጸናም፤ ጠዋት ያየውም ማታ ያየውም ይጨምርበታል። ተጠይቆ የወሰነ ነዋሪም የወሰነውን ራሱ ይጠብቀዋል።

አቶ አለባቸው ፈረሙ። በዚያም አላበቁም፤ ወረቀቱን ተቀብለው ጎረቤታቸው ውብነሽ ቤት ገቡ።

«እርስዎም እንደኔ ለሾፌር አልጋ ያከራያሉ» አለች ውብነሽ። «መኪናው ደጅዎ ድረስ ሊመጣልዎ ሲል ምን ነካዎት?»

«ፈርሚ።»

«ምክንያቱን ይንገሩኛ።»

«አልነግርሽም» አሉ፣ በእንቅልፍ ልባቸው «ማንም» ማለታቸው ትዝ ብሏቸው፤ እስክሪብቶውንም ዘረጉላት።